በምስማሩ ላይ የተሰቀለው ቺንጊያ

ሐይቅ፣ ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ሙዓዝ ሀሚዱ፣ ሻርጃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ። ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔና እማ አልሐምዱሊላህ ቤታችን ገብተናል። ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት፤ በሽሽቱ ሰሞን ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ስለሄደች ነው።

ለምን በስልክ አትነግሪኝም እንዳትል። በስልክ ሲሆን የማትወደው ጥያቄ በመጣ ቁጥር ኔትወርክ ይቆረጥብሃል። ወረቀት አይቆረጥም። ነጋዴዋ ረቢያ ልብስ ለማምጣት ወደዚያ ስለምትመላለስ ይህን በእጅህ ታደርስልኛለች፤ መልሱንም በእሷ ላክ።

እማን «ቤቱ እንዴት ነው?» ብትላት «ደህና ነው» ብላሃለች። ደህና አይደለም። የታጣቂዎቹ መኪና አጥሩን ገፍቶ ገብቷል፤ የጓዳው በር ለማገዶ ተፈልጧል፤ የአባባ ወርክሾፕ ጣራ በአንድ ወገን ተገንጥሏል። ስለ ቤቱ ጠይቀህ ስለ አባባ የእንጨት መሰንጠቂያ መጋዝ ግን አንዲት ቃል አልጠየቅህም። ከሄድክ ጀምሮ «መጋዙስ?» ሳትል ስልክ ዘግተህ አታውቅም ነበር። ገርሞኛል።

ስለዚህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ጠረጴዛው አለ፤ ያን የጣሊያን ብረት ማን ያነሳዋል። ሞተሩ የለም። ሰው ሁሉ «ዘርፈውት ሄዱ» ይለኛል። እኔ ግን ገብቼ አየሁ። ሞተሩ የታሰረባቸው ቡሎኖች በመፍቻ ተፈትተው፣ መልሰው በየቀዳዳቸው ገብተዋል። ጣራው ባልተነካበት በኩል ያለው የጠረጴዛ ፊት ዝገት እንዳይዘው ግራሶ ተቀብቷል። ሞተሩን ከምላጩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ቺንጊያ ደግሞ ወልቆ፣ በሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ዘራፊ ቺንጊያ ምስማር ላይ ይሰቅላል? አባባ ከሥራ ሲወጣ እያወለቀ የሚሰቅለው ተወጥሮ ሲያድር እንዳይለጠጥ ነበር። ይህን ያስተማረው አንተን፣ እኔንና ወንድሙን አጎቴ ኑርዬን ነው። አንተ ሻርጃ ነህ። እኔ ደብረ ብርሃን ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ማን ቀረ?

አጎቴ አልሸሸም። የመጨረሻዋ ዕለት እኔ «መጋዙን ጥዬ አልሄድም» ብዬ እማን በር ላይ ሳቆማት ከሚኖርበት ከአርዲቦ መጥቶ «እኔ አለሁ፣ እጠብቀዋለሁ፤ እናትሽን ይዘሽ ውጪ» ያለኝ እሱ ነው። አምኜው ወጣሁ። አሁን ሳገኘው ሰላም ብሎኝ መሬት መሬት ያያል።

አባባ ሊሞት በታመመ ጊዜ አጎቴና እማ ተቀምጠው፣ አንተ በስልክ እየሰማህ፣ «ቤቱ የሙዓዝ ነው፤ መጋዙ የኢቲሳም ነው» ማለቱን አትረሳም። አጎቴ ስለ ሞተሩ ነግሮህ ከሆነ ጻፍልኝ።

እህትህ ኢቲሳም


ሻርጃ፣ የካቲት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ኢቲሳም

ወዐለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቤታችሁ በሰላም በመግባታችሁ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው። ስለ እኔ ምንም አታስቡ፤ ደህና ነኝ።

ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አልጋ ላይ ሆኜ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው። እማ «ካሜራውን ክፈተውና ልይህ» ትለኛለች። ካሜራው ተሰብሯል በያት፤ ሲሠራ እደውላለሁ።

ስለ አጎቴ ኑርዬ የጠየቅሽኝን ተይው። እሱ አባታችንን የተካ ሰው ነው። ጊዜው የዝርፊያ ነበር፤ ታጣቂ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መካኒክ የነበረም ይኖርበታል። ቺንጊያውን ማን እንደሰቀለው አላህ ያውቃል። መጋዙ የአባባ ነበር፤ አባባም መጋዙም ሄደዋል። አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ። አዲስ አበባ አንድ ጓደኛዬ ያለበት ፋብሪካ መሐንዲስ ይፈልጋል። አድራሻውን ረቢያ ትሰጥሻለች። እባክሽ ሂጂ።

ለእማ ሰላም በይልኝ። ደህና መሆኔን ንገሪያት።

ወንድምሽ ሙዓዝ


ሐይቅ፣ የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ሙዓዝ

በአንድ ገጽ ላይ ያን ያህል ጊዜ «ደህና ነኝ» ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ካሜራህም ከተሰበረ የሰነበተ ይመስለኛል፤ ከሽሽቱ በፊት ጀምሮ ነው እማን ድምፅህን ብቻ የምታሰማት።

ሥራ ፈልጊ ብለሃል። ፈልጌ ነበርኮ። ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ለተመረቁ ወጣቶች የሥራ ሼድ ይሰጣል ሲባል ሰልፉን የተሰለፍኩት እኔ ነኝ። የእንጨት ሥራ ስላቸው ሰውዬው ከወረቀቱ ቀና ብሎ «ወንድ አጋር ይዘሽ ነይ» አለኝ። «አጋሬ ጣሊያን ሠራሽ መጋዝ ነው» ስለው ሳቁብኝ። ሼዱን ለወንዶቹ ሰጧቸው፤ አሁን ጫት ይቅሙበታል። የሰው ደጅ ሁለተኛ አልጠናም። ወርክሾፑ የግቢያችን ነው፤ መጋዙ የኔ ነው፤ እዚሁ ይነሳል።

ጀምሬዋለሁም። ዝናብ የገባበትን የጠረጴዛ ፊት በላምባ እያራስኩ በብርጭቆ ወረቀት እፈትገዋለሁ። ከዝገቱ ሥር ብረቱ ዓሣ ሆድ መስሎ ብቅ ሲል ብታይ! ዘይቱና ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ አይታኝ፣

«ኢቱ፣ ጀናዛ ነው እንዴ የምታጥቢው?» አለችኝ።

«አይ ዘይቱና፣ ይሄ ይነሳል።»

«ወላሂ ቢነሳ መጀመሪያ የሚበላው አንቺን ነው!»

ደሴ ወርጄ ለዘንጉ አዲስ ኩሽኔታ አምጥቼ አስገብቻለሁ። አሁን ዘንጉን በጣቴ ስነካው ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል። የቀረው ሞተር ነው። ሞተሩ ደግሞ ሰው ቤት ነው።

ስለዚህ «ተይው» ያልከኝን አልተውኩትም። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሼህ አብዱልሰመድና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ባሉበት አጎቴን አስጠራሁት። ሼህ አብዱልሰመድ፣

«ኑርዬ፣ ልጅቷ ይማልልኝ ትላለች» አሉት።

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያ ሞተሩን አልወሰድኩም ብለህ ማልና ተነስተን ወደ ምሳችን እንሂድ።»

«አልምልም።»

«ስለምን?»

«አልምልማ፣ ሼሁ!»

ከኋላ አንዱ «ኑርዬ እኮ እንኳን ለሞተር ለጠፋች ዶሮ ይምል ነበር!» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ አልሳቀም። ወደኔ ዞሮ፣

«ኢቱዬ፣ አባትሽ ሥራ አስተማረሽ፤ ትዕግሥት ሳያስተምርሽ ሞተ» አለኝ።

«አባባ ለሌባ ታገሺ አላለኝም» አልኩት።

በዚህ አገር አልምልም ያለ ሰው ጥፋቱን እንዳመነ እንደሚቆጠር አንተም ታውቃለህ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ሲወጣ ሰው በሌላ በኩል ያልፈዋል ይባላል። እማ አኩርፋኛለች። እኔ ግን እውነቱን አግኝቻለሁ ብዬ አስባለሁ።

ኢቲሳም


ሻርጃ፣ መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ኢቲሳም፣

ምን አደረግሽ? አጎታችንን በሰው ፊት ሌባ አልሽው? አባባ ሲሞት የቀብሩን አፈር በእጁ የመለሰውን ሰው? ለአንድ አሮጌ ሞተርና ጥርሱ ለረገፈ ምላጭ? ወላሂ እጄ ብታጥርብኝ ነው እንጂ...

ሂጂና አፉ በሉኝ ብለሽ ይቅርታ ጠይቂው። ዛሬውኑ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። እሱ አልሰረቀም። ይህን እኔ እምልልሻለሁ።

ሙዓዝ


ሐይቅ፣ መጋቢት 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሙዓዝ፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾም ላይ ስለሆንኩ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፤ ቁጣዬ እንዳያስፈታኝ።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሞተሩ የለም ብዬ ጻፍኩልህ። ስለ ምላጩ መጥፋት አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ረስቼው አይደለም። ሞተሩን የወሰደው ሰው ምላጩንም መውሰዱን ያየሁት የዚያኑ ዕለት ነው፤ ግን ማንም ሳይነግረው የሚያውቅ ሰው ካለ ልያዘው ብዬ በሆዴ አስቀመጥኩት። ለእማ አልነገርኩም። ለሽማግሌዎቹ አልነገርኩም። የጠበቅሁት አጎቴን ነበር። የተናገርከው አንተ ነህ።

ሌላም አለ። ጥርሱ የረገፈው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። አባባ የድሮ በር ሲሰነጥቅ እንጨቱ ውስጥ የተቀበረ ምስማር አግኝቶት ነው፤ ተናዶ ለማንም አላወራም። ያን ምላጭ በዓይኑ ያየ ወይም ካየው ሰው ጋር ያወራ ብቻ ነው ይህን የሚያውቅ።

ስለዚህ ከአጎቴ ጋር አውርታችኋል። «አጎቴ ነግሮህ ከሆነ ጻፍልኝ» ብዬ ስጠይቅህ «ተይው» አልከኝ እንጂ «አልነገረኝም» አላልክም። ያኔ ማስተዋል ነበረብኝ።

መጋዙን ምን አደረጋችሁት? ሸጣችሁት? ወይስ ሼዱን የነፈገኝ ሰውዬ የተናገረውን እናንተም በሆዳችሁ ይዛችሁት ነው? ወንድ አጋር?

ጽሕፈትህንም እያስተያየሁት ነው። ከሻርጃ መጀመሪያ የላክልን ደብዳቤ እማ ሳጥን ውስጥ አለ። የአሁኑ ከሱ ጋር አይመሳሰልም። «መ» የምትጽፈው እንዲህ አልነበረም፤ መስመርህ ወደ ታች አይወርድም ነበር። ማን ነው የሚጽፍልህ? ሚስት አግብተህ ነው? አንተ እየተናገርክ ሌላ ሰው የኔን ጉዳይ ይጽፋል?

ረቢያን «አየሽው?» ብዬ ስጠይቃት «አየሁት፣ ወፍሯል» አለችኝ። «እጁ ላይ ሰዓት አለ? ሲሄድ አባባ ያሰረለት ሰዓት?» ስላት ሻንጣዋን መፍታት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን አላየችኝም።

ሁሉንም ንገረኝ። ካልነገርከኝ ለእማ ያወቅሁትን ሁሉ እነግራታለሁ።

ኢቲሳም


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

ሚስት አላገባሁም። የምጽፈው ራሴ ነኝ። በግራ እጄ።

ስለ ቀኑ አልጽፍልሽም። አምና ክረምት ነበር፤ የምሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ፣ ከአባባ መጋዝ የማይለይ መጋዝ ላይ። በቀኝ እጄ አውራ ጣቴና ትንሿ ቀርተውልኛል። ሐኪሞቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ። አሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እመዘግባለሁ። የአባባ ሰዓት ሳጥኔ ውስጥ ናት፤ በግራ እጄ ብቻ ማሰር ገና አልለመድኩም።

ጥቅምት ላይ ታጣቂዎቹ ወደ ሐይቅ እየመጡ ነው ሲባል፣ ስልኩ ሳይቆረጥ ነው ለአጎቴ የደወልኩለት። «ኢቲሳም መጋዙን ጥዬ አልሄድም ትላለች፤ አንተ እጠብቀዋለሁ በላትና አስወጣት። ከወጡ በኋላ ሞተሩንና ምላጩን ፈትተህ ደብቅ። እኔ እስክነግርህ ለማንም አትስጥ፣ ለማንም አትንገር፣ ለኢቲሳምም ቢሆን። አማና ነው፣ አደራ።» አላቅማማም። «አማና» አለኝ። ከተመለሳችሁ በኋላ ደውሎ «ልጅቷ እየፈለገች ነው፣ ልስጣት?» አለኝ። የምላጩን ጥርስ ያኔ ነው የነገረኝ። «አትስጥ» አልኩት።

መጀመሪያ ላይ ከታጣቂ ላድነው ብዬ ነበር፤ ይህን እመኚኝ። በኋላ ግን አንቺ እዚያ ብረት ላይ ተደፍተሽ ስትሠሪ ይታየኛል፤ ከዚያ እጅሽ ይታየኛል። ሄዷል ብትባይ ትተይዋለሽ ብዬ ነው። አጎቴን ሽማግሌ ፊት ታቆሚዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። እሱ አልወሰድኩም ብሎ ቢምል ውሸት ይሆንበታል፤ እኔ ዘንድ ነው ቢል አማናውን ይበላል። ስለዚህ አልማለም። ያ የኔ ጥፋት ነው፤ ያንቺ አይደለም።

ሌባ አለመሆኑን አወቅሽ። ይበቃሻል። ሞተሩን ስጣት ግን አልለውም። ጥይኝ፤ እጅሽ ይኑር እንጂ ጥይኝ።

የእጄን ነገር ለእማ እንዳትነግሪያት። ልቧን ታውቂዋለሽ። ራሴ እስክነግራት ድረስ፣ አማና።

ሙዓዝ


ሐይቅ፣ ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሙዓዝዬ፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሐይቁ ዳር ነው፤ ቤት ውስጥ ማንበብ አልቻልኩም። ከውኃው ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ደወል ሲደወል ነው ተነስቼ የሄድኩት። አልቅሻለሁ። ከዚያ ተናድጃለሁ። ከዚያ ደግሞ አልቅሻለሁ። አሁን በደረሰብኝ ቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ።

ስለ እጅህ፦ አላህ ይማርህ። ክረምቱን፣ መኸሩን፣ ያን ሁሉ ወር ብቻህን መያዝህን አልረሳውም።

ስለ ውሸቱ፦ አፉ አላልኩህም። እጅህ መጎዳቱ በእጄ ላይ አዛዥ አያደርግህም። እኔን መጠየቅ ትችል ነበር። «ኢቱ፣ ፈራሁልሽ» ብትለኝ ምን ነበረ? ይልቅ እኔን ደንቆሮ፣ አጎቴን ሌባ አደረግኸን።

በዒድ ማግስት አርዲቦ ሄድኩ። አጎቴ ከበረቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። በዒድ ሰሞን እንኳ ደጁ ሰው አልነበረም። እጁን ስሜ፣

«አጎቴ፣ አፉ በሉኝ» አልኩት።

«አፉ ብያለሁ። ቁጭ በይ፤ ፀሐይ አትከልክይኝ።»

«ሽማግሌዎቹ ፊትም እላለሁ። በጁምዓ፣ ያዋረድኩዎት ቦታ ላይ።»

«እሱን እንኳ በይ» አለ፤ «ሚስቴ ገበያ ስትወጣ አኩራፊ በዝቶባታል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሞተሩን ጠየቅሁት።

«ሞተሩን የሰጠኝ ሙዓዝ ነው።»

«እኮ፣ ሁሉንም ነግሮኛል።»

«ላንቺ ነገረሽ። ለኔ ስጥ አላለኝም።»

«አባባ መጋዙ የኢቲሳም ነው ሲል አንቱም ነበሩ!»

«ነበርኩ። ለሱም እመሰክራለሁ፤ ለማንም አልክድም። ይሄኛውም አማና ነው። ሁለቱን ተሸክሜ ነው የከረምኩት ልጄ። አንዱን እንዲያወርድልኝ ለወንድምሽ ንገሪው።»

በጁምዓው ቃሌን ጠበቅሁ። ሼህ አብዱልሰመድ ሁሉም ባለበት ተነስተው አቀፉት። ዶሮ ብሎ ያሳቀው ሰውዬ ከመስጊዱ ደጅ ጫማውን ሲፈልግ ጊዜ ወሰደበት።

አሁን የኔን ጥያቄ መልስ። እንደ እህት ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው የምጠይቅህ፤ እንደ ባለሙያ መልስልኝ። እጅህን የበላው መጋዝ ከምላጩ በላይ ክዳን ነበረው? ከምላጩ ኋላስ እንጨቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ተመልሶ ምላጩን እንዳይቆነጥጥ የሚይዝ ቀጭን ብረት ቆሞ ነበር? እንጨቱን በምን ነበር የምትገፋው፣ በመግፊያ ወይስ በባዶ እጅ?

የአባባ መጋዝ ሁለቱም የሉትም። እያወቅን ዝም ብለን ኖረናል፤ አባባ ጠንቃቃ ስለነበር ብቻ ነው። እኔ ሁለቱንም ሥዬ ጨርሻለሁ። ኮምቦልቻ ያለ የቶርኖ ቤት ቆርጦ፣ በይዶ ሰጥቶኛል፤ ልክ ገብተዋል። የጎደለው ሞተርና አዲስ ምላጭ ብቻ ነው። የድሮውን ምላጭ አልፈልገውም፤ ጥርስ የረገፈውን ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

እንደገና እልሃለሁ፦ መጋዙ የኔ ነው፤ እጄም የኔ ነው። ለአጎቴ ደውል። ሌላም ልለምንህ፤ ቀኝ እጅህን ወረቀት ላይ ዘርጋና ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምርበት። ላክልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ እኔም በተራዬ።

እማ ስላንተ ትጠይቀኛለች። አማና ስላልክ ዝም ብያለሁ። አትቆይ።

ኢቲሳም


ሻርጃ፣ ግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም.

ኢቲሳም፣

መልሱ ይኸው ነው። ክዳን ነበረው፤ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ተነስቶ ጥግ ተጥሎ ነበር። ከኋላ የሚቆመው ብረት አልነበረም። የምንገፋው በባዶ እጅ ነበር። እንጨቱ ተቆንጥጦ ተመልሶ ሲመጣ እጄ ተከተለው። ጥያቄሽን አንብቤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቱ የመጋዝ ነው እያልኩ፣ መጋዝ በሙሉ ጠላቴ ነው እያልኩ ነበር የኖርኩት። ክዳኑ የት ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ዛሬ ለአጎቴ ደወልኩ። «አማናውን ለኢቲሳም መልስልኝ» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ፤ ወገቤን አቃናህልኝ» አለ። ምን እንደጎዳኝ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

እጄ ከጀርባ ተሥላለች። አስቀያሚ ናት፤ ለእማ እንዳታሳዪያት።

ፈራሁልሽ፣ ኢቱ። ያኔ እንዲህ ማለት ነበረብኝ።

ሙዓዝ


ሐይቅ፣ ሰኔ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ሙዓዝ

አሰላሙ ዐለይኩም።

ሞተሩ የት እንደነበር ብታውቅ! ታጣቂዎቹ የአርዲቦን ቤቶች አንድ በአንድ ሲፈትሹ አጎቴ ምላጩን ጭድ ውስጥ ትቶ ሞተሩን በጆንያ ጠቅልሎ፣ በአህያ ጭኖ ወደ ሐይቅ አመጣው። ለገዳሙ ለአንድ መነኩሴ ወዳጁ «የአማና ዕቃ ነው» ብሎ ሰጣቸው። ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀበሉት።

ከአጎቴ ጋር ሄድን። ሴት ከገዳሙ በር አታልፍምና እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሁለት ወንዶች በሸክም ሲያወጡት መነኩሴው ከኋላ እየሳቁ መጡ።

«የዕቃዋ ባለቤት አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባ።»

«ተመስገን! እኛኮ ከኅዳር ጀምሮ ማዕጠንቱም ፍራሹም ግራሶ ግራሶ እያለን ነው የከረምን።»

አጎቴ «አባ፣ ዝም ብለው ነው እንጂ ሞተር መሆኑን አውቀው ነበር» አላቸው።

«ኑርዬ፣ አላወቅሁም ብዬ ልማልልህ?» ሲሉት አጎቴ እስኪያስለው ሳቀ።

ሞተሩ በጆንያው ውስጥ ደረቅ ነበር። አጸዳሁት፣ አሠርኩት። ቺንጊያውን ከምስማሩ አውርጄ አስገባሁት። አዲሱ ምላጭ፣ ክዳኑና ከኋላ የሚቆመው ብረት ሁሉም በቦታቸው ናቸው። ማብሪያውን ስጫነው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ የአባባን ድምፅ ሰጠ። እማ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብቻ ቆመች። ዘይቱና በአጥሩ ቀዳዳ «ተነሳ እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«ተነሳ!» አልኳት። «ጀናዛሽ ተነሳ!»

የመጀመሪያው ሥራ የአጎቴ የግቢ በር ነው፤ በሽሽቱ ሰሞን ተሰብሮበት ነበር። እስኪያልቅ ከጎኔ ተቀምጦ አንዴ በእንጨቱ፣ አንዴ በእጄ ዓይኑን ሲያመላልስ ዋለ። የመጨረሻዋ ሳንቃ ስታልፍ ጣቶቼን አንስቼ አሳየሁት። «አየሁ፣ አየሁ፣ ሙሉ ነው» አለኝ።

ሁለተኛው ሥራ ያንተ ነው። በላክልኝ ሥዕል ልክ ከወይራ እንጨት መግፊያ ቀርጫለሁ። ለአውራ ጣትህ ጎድጓዳ አለው፣ ለትንሿም፤ የቀሩት ባይኖሩም አጥብቆ ይያዛል። ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ለኔም አንድ ሠራሁ። ሁለቱን በሩ አጠገብ፣ ቺንጊያው በሚሰቀልበት ምስማር ላይ አንጠልጥያቸዋለሁ። ያንተን አልልክልህም። የሚሠራው እዚህ ነው።

ይህ ማለት አፉ ብዬሃለሁ ማለት አይደለም። ስትመጣ፣ ፊት ለፊት ስትቀመጥ እንነጋገርበታለን።

አሁን የምጽፍበትን ነገር ልንገርህ። ትናንት ላንተ የሠራሁትን መግፊያ እማ ከምስማሩ አወረደችው። አገላበጠችው። ጣቶቿን በጎድጓዳዎቹ ውስጥ ለማስገባት ሞከረች፤ አልገጠመላትም። «ይሄ የማን እጅ ነው?» አለችኝ። መልሳ ሰቀለችውና ፊቴን ይዛ፣

«ኢቲሳም፣ ማይልኝ። ልጄ ደህና ነው?» አለችኝ።

«አልምልም፣ እማ» አልኳት።

ያየችኝን አስተያየት አወቅሁት። እኔ አጎቴን ያየሁበት ነው።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ደውልላት። ካሜራውን ክፈትና እጅህን አሳያት።

እህትህ ኢቲሳም